የሀውራ ጥማት

ጀናዛዋን የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። የአራት ዓመቷ ሀውራ ግንባር ላይ፣ አጥንት መኖር ባለበት ቦታ፣ ጣት ይሰምጥ ነበር።

ወሬው ሐይቅ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ኢንስፔክተር አሰገደች መጣች። ጦርነቱ ከከተማዋ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። በነዚያ ወራት ብዙ ሬሳ ስላየች ይህንንም ስታይ ፊቷ አልተለወጠም።

የልጅቱ እናት ዙሌይካ ከጅዳ የገባችው ትናንት ማታ ነው። ልጇ ደክማ ስለነበር አላወቀቻትም፤ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ያሳደገቻት የዙሌይካ እህት ሳጂዳ ናት፣ ከባሏ ከሙነወር ጋር። ጎረቤቶች እንደተናገሩት ሕፃኗ ሌት ተቀን ውሃ እያለች ታለቅስ ነበር፤ ሙነወርም ፍራሽ አረጠብሽ እያለ ይቆጣታል። ሳጂዳ በበኩሏ ውሃ ከልክላት እንደማታውቅ፣ ልጅቱ ጆጉን ጨርሳ መልሳ እንደምትጠይቅ ለአሰገደች ነገረቻት። ድምፅዋ ላይ ሐዘንም ፍርሃትም አልነበረም።

ከአሰገደች ጋር የመጡት ፖሊሶች ሳጂዳን ሊወስዷት ሲሉ ሙነወር ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ። በዱላ መታኋት።»

«የት ላይ?» አለች አሰገደች።

«ግንባሯን። አንዴ ብቻ።»

አሰገደች ወደ ጀናዛዋ ገባችና የሕፃኗን ራስ በእጇ ዳበሰች። ከዚያ የዙሌይካን ስልክ ተቀብላ ሳጂዳ የላከችላትን ፎቶዎች አየች። ከደሴም ሐኪም አስጠራች።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሙነወር፣ ሚስትህን ልታድን ዋሽተሃል» አለች። «የሰረጎደው ሦስት ቦታ ነው። አንተ የምታውቀው ሴቶቹ ያወሩትን አንዱን ብቻ። ደግሞ ዱላ አጥንት ሲሰብር ቆዳውን በደህና አይተውም፤ እዚህ ሰንበር እንኳ የለም። ታጣቂዎቹ ሐይቅ ሳይገቡ በተነሳችው ፎቶ ላይ አንድ ዓይኗ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከውስጥ የሚገፋ ነገር ነበረ ማለት ነው።»

ሐኪሙ ቀጠለ። ሕፃናትን ከስንት አንዴ የሚይዝ፣ የራስ ቅል አጥንት የሚበላ ዕጢ ነው አለ። ውሃን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ሲደርስ ልጅ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም፤ ሽንቱንም መያዝ አይችልም።

ሳጂዳ ያን ጊዜ ተናገረች። የልጅቱ ዓይን ማበጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ወስዳት ደሴ ሂጂ ተብላ ነበር። በማግስቱ መንገዱ በውጊያ ተዘጋ። ሲከፈትም የደሴው ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር።

«ቢደርሱላት ትድን ነበር?» አለች ዙሌይካ።

«ብዙዎቹ ይድናሉ» አለ ሐኪሙ።



«እኔኮ የምጠላው ሰው አግኝቼ ነበር» አለች ዙሌይካ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ሙነወር ዞረች። ሁሉም ተቀምጠው እሱ ብቻ እንደቆመ ነበር።

«በል ተቀመጥ» አለችው።