ለ«ወንዳወንድ» የጻፍኩት ምሳሌ

መጀመሪያ ያየኋት ከዋናው አዘጋጅ ጋር ስትከራከር ነው። ሁላችንም የምንፈራው ሽማግሌ ነው፤ እሷ ግን ስህተት ያለበት ገጽ ካልታረመ የማተሚያ ማሽኑን አላስነሳም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ታረመ። ስትወጣ ባልደረባዬ «ወንዳወንድ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የእኔ ልብ ግን ተከትሏት ደረጃውን ወረደ።

የምንሠራው መዝገበ ቃላት ነው። እኛ ፎቅ ላይ ለየቃሉ ካርድ እንጽፋለን፦ ፍቺ፣ አመጣጥ፣ አንድ ምሳሌ። እሷ ምድር ቤት የማተሚያ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ካርዱን ሁሉ ሳታነብ አታሳልፍም። ሰበብ እየፈለግኩ ስምንት ወር ተመላለስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ አብረን ሻይ መጠጣት ጀመርን።

ከዚያ «ወንዳወንድ» የሚለው ቃል ካርዱን እንድጽፍለት እኔ ዘንድ ደረሰ። አመጣጡ ግልጽ ነው፦ «ወንድ» ሁለቴ ተደግሞ ለሴት ተሰጠ፤ ድፍረት የወንድ ብቻ ይመስል። ይህንኑ ጻፍኩ። ምሳሌው ላይ ስደርስ ግን ከእሷ ሌላ ሰው አልመጣልኝም፦ «የማተሚያ ክፍሉ ኃላፊ ወንዳወንድ ናት፤ አለቃ አትፈራም።» ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ጠዋት ስገባ ካርዱ ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ወደ እሷ ወርዷል።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለመዛወር ማመልከቻ ማስገባቷን ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ወረድኩ፤ ካርዱ ፊቷ ነበር።

«አባቴ ሲሞት ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «ይህን ስም የሰፈሩ ሰዎች ያኔ ነው ያወጡልኝ። ከሌላው አይገርመኝም። አንተ ግን...»

ሙገሳ መስሎኝ እንደጻፍኩት እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

«እንግዲያው ቃሉን ከነካርዱ ቅደደው።»

እሺ ብል ሳትዛወር ትቀርልኛለች።

«ምሳሌውን እሰርዛለሁ» አልኳት። «ቃሉን ግን አልችልም። ብናጠፋው ያሉሽ ሰዎች ምንም እንዳላሉሽ ይቆጠራል። ዘለፋ መሆኑን ጽፌ ላስቀምጠው።»

ካርዱን ወደ ራሷ ሳበች። በልቤ ተሰናበትኳት።

«ብትቀደው ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ነገ ለሌላውም እሺ ትላለህ ብዬ እተውህ ነበር።» ምሳሌውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። «ስለ እኔ መጻፍ ካማረህ፣ ለእኔ ጻፍ።»

ማመልከቻዋን መልሳ ወሰደች። እኔም በሳምንት አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ስድስተኛውን ይዛ ፎቅ ወጣችና ባልደረቦቼ ሁሉ እያዩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ላግባሽ ብለሃል፤ የሠርጉን ቀን አልጻፍክም» አለች። «ሞልተህ መልስልኝ።»