አምስት መቶ አልጋ

«አምስት መቶ ተጠርጣሪ አለልሽ» አላት አለቃዋ በስልክ። «የቃል መቀበያ ወረቀት በካርቶን ይዘሽ ሂጂ።»

መርማሪዋ ሁለት ካርቶን ወረቀት መኪናዋ ላይ ጭና ሁለት ሰዓት ብቻዋን ነዳች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቦርሳዋ ነው። ከከተማው በራቀች ቁጥር ቤቱም ሰዉም እየሳሳ ሄደና በመጨረሻ የቀረው የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ ብቻ ሆነ። ከአጥሩ ወዲያ ረጃጅም የቆርቆሮ አዳራሾች ተደርድረዋል። የሰልፉ ሜዳ በነጭ ኖራ ተሰምሯል። ኖራው ትኩስ ነው። የእግር ዱካ ግን አይታይበትም።

የማሠልጠኛው አዛዥ ኮሎኔሉ በር ላይ ተቀበላት። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ጫማው የሚያበራ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው።

«ሟቹ አስተርጓሚያችን ነው» አለ። «ዛሬ ጠዋት ትምህርት አዳራሽ ውስጥ ከኋላው ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገኘ። ገዳዩን ይዘነዋል፤ ሠልጣኝ ነው። የተመታበት የድንኳን ካስማ በሠልጣኙ የአንገት ልብስ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። እርስዎ ቃሉን ይቀበሉና ይፈርሙ። አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ድንበር ይወስደዋል።»

«ለምን ወደ ድንበር?»

«ከጎረቤት መንግሥት ጋር ታርቀን የለ? ወንጀል የሠራ አማፂ ለአገሩ ይሰጣል የሚል ስምምነት አለ።»

«ከተሰጠ በኋላስ?»

ኮሎኔሉ የሸሚዙን አንገትጌ በጣቱ አላላ። «እዚያ አማፂ ይሰቀላል» አለ።

ሰዓቷን አየች። አራት ተኩል ሆኗል። «እሺ። ከሌሎቹ ሠልጣኞች ልጀምር።»

«ሌላ የለም።»

«አምስት መቶ ናቸው ተብያለሁ።»

«በወረቀት ነው። ያለው አንድ ነው።»

«አንድ ሻለቃ?»

«አንድ ሰው።»

ነገሩን የነገራት መሬት መሬቱን እያየ ነው። ማሠልጠኛው የተሠራው ከአራት ዓመት በፊት፣ የጎረቤት አገር አማፂዎችን ለማሠልጠን ነው። አምስት መቶ ይመጣሉ ተብሎ አርባ መጡ። እነሱም ጦርነቱ ሲበርድ አንድም ሁለትም እየሆኑ ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤቱ የተቃጠለበትና የሚጠብቀው ሰው የሌለው አንዱ ብቻ ቀረ። ማሠልጠኛው ይዘጋ ብሎ የጻፈ ባለሥልጣን ስላልነበረ ዱቄቱ፣ ጫማውና ጥይቱ ለአምስት መቶ ሰው እንደተመደበ ይመጣል። ጥይቱ ተረፈ እንዳይባል ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ይተኮሳል። ያንን የቀረ ሠልጣኝ የበር ጠባቂዎቹ «ብርጌዱ» ይሉታል።

«አስቂኝ ነው፤ አውቃለሁ» አለ ኮሎኔሉ።

«አልሳቅሁም» አለች መርማሪዋ።

በትምህርት አዳራሹ አምስት መቶ ወንበር ወደ ሰሌዳው ዞሮ ተደርድሯል። አስተርጓሚው ከሰሌዳው ሥር በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ተጋድሟል፤ ጣቶቹ ላይ ጠመኔ አለ። ከኪሱ ለአራት የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች አወጣች። ክሊራንስ ናቸው። ከማሠልጠኛው የሚለቅ ሰው የያዘውን ንብረት መልሶ ከየክፍሉ የሚያስፈርማቸው ወረቀቶች ናቸው። አንዱ በአስተርጓሚው ስም፣ ሌላው በብርጌዱ ስም ተሞልቷል። አዛዡም ወጥ ቤቱም ፈርመዋል። የንብረት ክፍል ቦታ በሁለቱም ላይ ባዶ ነው።

«ሁለቱም ሊሄዱ እንደነበር አልነገሩኝም» አለችው ኮሎኔሉን።

ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን የሌላ ሰው ይመስል አገላብጦ አየ። «ይኼን መቼ ነው የፈረምኩት?»

«ትናንት ነው የሚለው።»

«የምፈርመውን ማንበብ ከጀመርኩ እኮ ምሳ አልበላም» አለና አፍሮ ወረቀቱን መለሰላት።

በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰው የሚያክሉ ድስቶች አፋቸውን ደፍተው ተሰቅለዋል። ምድጃው ላይ ያለችው አንዲት ትንሽ ድስት ናት። ወጥ ሠሪዋ ስድሳ ያለፉ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። ሻይ ላድርግልሽ?»

«ይቆይልኝ እናቴ። ጠዋት የሆነውን ይንገሩኝ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱ ጠባቂዎች እንደ ልማዳቸው እዚህ ሻይ ይጠጡ ነበር። እስከ አንድ ሰዓት ከዓይኔ አልራቁም፤ ሲነዘንዙኝ ነበር። አስተርጓሚው በመስኮት ‹እንዴት አደሩ እማማ› ብሎኝ ወደ አዳራሽ ሄደ።»

«ማንን ሊያስተምር?»

«ማንንም። የቀኑን ትምህርት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ያጠፋዋል። ታዟላ! አንድ ሰዓት ላይ ለቁርስ ሳይመጣ ሲቀር ሄድኩ። ብርጌዱ የአስተርጓሚውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟል፤ እጁ ሁሉ ደም። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።»

«ከዚያ በፊት የት ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት ከኮረብታው ጀርባ ብቻውን ይሮጣል። እዚያ ማን ያየዋል?»

«ካስማው የተጠቀለለበት የአንገት ልብስስ?»

«የሱ ነው። ትናንት እኔው አጥቤ እዚያ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። በዚህ ደግሞ የማያልፍ የለም።»

«ተጣልተው ያውቃሉ?»

ወጥ ሠሪዋ በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። «እነሱ? እዚህ ግቢ ውስጥ ሳቅ የሚሰማው ከነሱ ክፍል ብቻ ነበር። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ በምን እንደሚስቁ አይገባኝም። ግን ማታ ማታ እኔም እዚህ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አብሬያቸው እስቅ ነበር።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

ኮሎኔሉ ወደ አራተኛው የመኝታ አዳራሽ ወሰዳት። የብረት ካስማው የተገኘው እዚህ፣ ሠላሳ ሰባተኛው አልጋ ሥር ነው። በሩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ቀንና የአልጋ ቁጥር የተሞላበት ዝርዝር ተለጥፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የአዳር ተራ። ሠልጣኙ በየቀኑ አልጋ መቀየር አለበት። የአንዱ ፍራሽ ብቻ አርጅቶ ሌላው አዲስ ከሆነ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይጠይቃላ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሐሳብ ነው። ትናንት ተራው ሠላሳ ሰባት ነበር፤ ጠባቂዎቹም ያንን አይተው ፈተሹ።»

ትራሱ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ጣቷ አቧራ ይዞ ተነሣ።

የንብረት ክፍል ኃላፊውን ሁሉም «ጋሼ ቁልፉ» ይሉታል። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ጸጉሩን በውሃ ያስተኛ፣ ትሑት ሰው ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ይኖራል። መጋዘኑን ሲያስጎበኛት ፊቱ በራ። አምስት መቶ ጥንድ ጫማ፣ አምስት መቶ ኮዳ፣ አምስት መቶ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በክር የተለካ ይመስላል።

«ጫማው በየዓመቱ ይቀየራል» አላት። «አሮጌው ይቃጠላል።»

«ማንም ሳያደርገው?»

«ጊዜው ካለፈ አለፈ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ስርቆት ጠርጥራ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠረች። አንድ ኮዳ እንኳ አልጎደለም። ከታችኛው መደርደሪያ መጨረሻ ግን ጠርዛቸው የተተለተለ፣ የትምባሆ ሽታ ያላቸው ሁለት ብርድ ልብሶች ተጣጥፈው አየች።

«አስተርጓሚው ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ጠዋት ለአንሶላ ነው የመጣው። ሠልጣኙ ያደረበትን ያመጣል፣ ንጹሕ እሰጠዋለሁ። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አልመጣም።»

«ሠልጣኙ ትናንት የት አደረ?»

«አራተኛ አዳራሽ፣ ሠላሳ ሰባተኛ አልጋ።» መዝገቡን እንኳ አላየም።

«አይተውታል?»

«ማየት ለምን ያስፈልገኛል? ተጽፏል እኮ።»

«ዛሬ ንጋት ላይስ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ።»

ብርጌዱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቆልፎበታል። ስትገባ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዲላክላት ስልክ ደውላ ነበር፤ ሁለት ቀን ይፈጃል አሏት። እሱ የሚያውቀው አማርኛ የሰልፍ ትእዛዝ ብቻ ነው። ከሱ ጋር መነጋገር የሚችለው አንድ ሰው በአንሶላ ተሸፍኗል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ክንዱን ይዛ ወደ አራተኛው አዳራሽ ወሰደችውና ሁለት መዳፏን አጋጥማ ጉንጯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ አልጋዎቹን ሁሉ አሳየችው።

ብርጌዱ ጥቂት አሰበ። ከዚያ የአዳራሹን ሰማንያ አልጋ ሁሉ ትቶ ወጣ፣ ሜዳውን አቋርጦ ከወጥ ቤቱ ጎን ወዳለው የአስተርጓሚው ክፍል መራት። ክፍሉ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። አንድ የብረት አልጋ አለ፤ ከአጠገቡ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ፍራሹን በጣቱ አሳያትና ደረቱን ነካ። አልጋውም ፍራሹም ብርድ ልብስ የላቸውም። ብርጌዱ ባዶውን አልጋ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ ሰው እንደሚያለብስ አድርጎ በቀስታ ዘረጋበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ትምህርት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በአምስት መቶው ወንበር ላይ ስድስት ሰው ተቀመጠ፤ ኮሎኔሉ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ሁለቱ ጠባቂዎች፣ ጋሼ ቁልፉና ብርጌዱ።

«ከቦታ ልጀምር» አለች። «እናቴና ጠባቂዎቹ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት አብረው ነበሩ። ኮሎኔል፣ እርስዎስ?»

«ለጠቅላይ መምሪያ የዕለት ሪፖርት አቀርብ ነበር። በስልክ።»

«ስልክ ቤቱን ጠይቄያለሁ። ያንን ሰዓት ሙሉ ፈጅቷል። አምስት መቶ ሰው በየሻምበሉ ደኅና መሆኑን ሪፖርት ማድረግ ጊዜ ይወስዳል።»

አንደኛው ጠባቂ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠልጣኙ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«አስተርጓሚው ክፍል ነዋ» አለ ኮሎኔሉ። «አንድ ቀን ደረስኩባቸው። ለሁለት ሰው ምን ልበል ብዬ ተውኳቸው።»

«እኛም ስንዞር እናያቸዋለን» አሉ ጠባቂዎቹ።

«እኔማ ሻይ አደርስላቸዋለሁ» አሉ ወጥ ሠሪዋ።

ጋሼ ቁልፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞር ዞር እያለ አየ። «አይሆንም» አለ። «አንሶላው በየጠዋቱ ይመጣልኝ ነበር።»

«ያልተተኛበት አንሶላ ነበር ጋሼ። ደስ እንዲልዎ ከተራው አልጋ እየገፈፈ ያመጣልዎ ነበር። የሠላሳ ሰባተኛው አልጋ ትራስ አቧራ ለብሷል።» ወደ ሁሉም ዞረች። «ሠልጣኙ ካስማውን መደበቅ ከፈለገ አምስት መቶ አልጋ፣ ከዚያም ወዲያ ኮረብታ አለለት። በስሙ የተጻፈውን አልጋ አይመርጥም። ሌላ ሰው እሱን ማስያዝ ከፈለገ ደግሞ ካስማውን እውነት የሚያድርበት ፍራሽ ሥር ያደርገዋል። የት እንደሚያድር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሠላሳ ሰባተኛው አልጋ ላይ ሰው ተኝቷል ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ዝርዝሩን የሚጽፈው።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ ጋሼ ቁልፉ በዝግታ።

«ክሊራንሱ ግን ግምት አይደለም። ሁሉም ፈርመዋል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት። ትናንት ማታ አልመጣም አሉኝ። ብርድ ልብሶቹ ግን ከክፍላቸው ጠፍተው መደርደሪያዎ ላይ ናቸው፤ አሮጌዎቹ ሁለቱ። ተረክበዋል፤ አልፈረሙም። ለምን?»

ጋሼ ቁልፉ ከፊቱ ያለውን ወንበር ከረድፉ ጋር አስተካከለ።

«‹ፈርሙልን ጋሼ› አለኝ። ወንድሙ ከተማ ውስጥ አናጢ ነው፤ ይኼን ሰው እዚያ ሥራ ላስገባው አለኝ። ከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄጄ ማሠልጠኛው ውስጥ ማንም የለም ብዬ እናገራለሁ አለኝ። ‹እናንተ ከሄዳችሁ እኮ እዚህ ማንም አይኖርም› አልኩት። ‹ዛሬስ ማን አለ?› አለኝ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ ገጠመ። «ዛሬ ጠዋት እንደገና ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ መጻፉን ቀጠለ።»

«ካስማውን ግን ይዘው ነው የመጡት።»

«አዎ። ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ይኼስ ሰውዬ ሊሰቀል ነበር» አለ ኮሎኔሉ ወደ ብርጌዱ እያመለከተ። «እሱ ከሄደ ማን ይቀርልሃል?»

«አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አለ ጋሼ ቁልፉ። ሊያስቅ አልነበረም። «ሌላ የማውቀው ቤት የለኝም፣ ጌታዬ።»

የሳቀ አልነበረም። ብርጌዱ የተናጋሪዎቹን አፍ በየተራ ሲያይ ነበር። ወጥ ሠሪዋ አዩትና «ለዚህስ ማን ይንገረው?» አሉ።

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

አሥር ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው መጣ። የአስተርጓሚውን አስከሬን ለወንድሙ ለማድረስ ከኋላ ጫኑት። ኮሎኔሉ የመርማሪዋን መኪና ራሱ ሊነዳ ጋሼ ቁልፉን በሁለቱ ጠባቂዎች መሃል አስቀመጠ። ብርጌዱ ማንም ሳያዝዘው በጭነት መኪናው ላይ ወጣ፤ ከሬሳው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሞ የብረቱን ጠርዝ ጨበጠ። ወዴት እንደሚወስዱት የሚያውቅ ሰው አቋቋም ነበር። ሹፌሩ ለመርማሪዋ የፊቱን በር ከፈተላት። እሷ ግን ጉልበቷን እያመማት ከኋላ ወጣች።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ብርጌዱ ወደ ግራ፣ ወደ ድንበሩ ተራሮች ፊቱን አዞረና ዓይኑን ጨፈነ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ዓይኑን ገለጠ። የግራው መንገድ ከኋላቸው እየቀጠነ ሲሄድ አየው። እጁ ብረቱን ለቀቀ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠና አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቃት። አንዱም ቃል አልገባትም።

መርማሪዋ ከአጠገቡ ተቀመጠች። አስተርጓሚውን ማን እንደገደለው፣ ለምን እንደገደለው፣ አናጢው ወንድም ቤቱ እንደሚጠብቃቸው ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ በራሷ ቋንቋ ነገረችው። ሳትቸኩል፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጣት።