ካርቶን ካወራ አይሄድም

ካርቶኑ አወራ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ባለቀ የክብሪት ቀፎ ውስጥ የቀረች አንዲት እንጨት የምታሰማው ዓይነት። ልጅቷ ከጋሪው አንስታ ወደ መስኮቱ ልታስጠጋው ስትል ነበር ከውስጥ «ቋ» ያለው። ቆም አለች። ካርቶኑን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ እንደ እንቁላል ነቀነቀችው።

«ቋ።»

ፖስታ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ጥቅሉን ታቅፎ ድምፅ ማጉያውን ይጠብቃል። እናቷ ከፊት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የተራ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ተቀምጣለች።

«ሁሉም ተነቅንቀዋል?» አለች እናቷ ዞር ብላ።

«አዎ፣ እትዬ!» ከጋሪው ማዶ የቆመችው ጓደኛዋ ቀድማ መለሰች። «አንድም የሚያወራ የለም።»

ልጅቷ ካርቶኑን ገልብጣ ሥሩን አየች። በእስክሪብቶ የተሳለች ትንሽ ኮከብ አለች።

እናቷ የምትሠራው የሸክላ ወፍ ነው፤ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጅራቷ ላይ ሲነፉ የምታፏጭ። ድሮ መንገድ ዳር ዘርግታ ትሸጥ ነበር። አሁን የወፎቹ ፎቶ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ይወጣል፤ እናቷ ስሙን አስተካክላ የማትጠራው አገር ያለ ሰው ያይና ያዛል። ወፏ በመኪና፣ በአውሮፕላን፣ እንደገና በመኪና ትጓዛለች። በመንገዱ ላይ ማን አንስቶ እንደሚወረውራት አይታወቅም። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ካርቶን ካወራ አይሄድም። የታሸገ ሁሉ ጆሮ ሥር ይነቀነቃል። ድምፅ ካለው ይከፈትና ዝም እስኪል ድረስ የተጨማደደ ጋዜጣ ይጨመርበታል። ዝም ያሰኘው ሰው ከሥሩ የራሱን ምልክት ያደርጋል። የልጅቷ ምልክት ጥቁር ነጥብ ነው። ኮከቧ የጓደኛዋ ናት።

ልጅቷን ወንድሟ «ፕላስተር» ይላታል። ከትምህርት ቤት መልስ ካርቶን ስታሽግ ስለምታመሽ እጅጌዋ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አይጠፋም። ስሙ ተከትሏት ክፍል ድረስ ገብቷል። ጓደኛዋ ደግሞ ሮኬት ናት። ስትሄድ ትፈጥናለች፤ ስታወራ ትፈጥናለች፤ ፈተናም ከሁሉ ቀድማ አስረክባ ትወጣና በር ላይ ቆማ የተሳሳተችውን ታስታውሳለች። የፕላስተር እናት ማሸጉ ሲበዛባት በክፍያ እንድታግዝ «እስኪ ሳምንቱን ትሞክር» ብላ ተቀበለቻት። ሳምንቱ የሚያልቀው ዛሬ ነው።

ፕላስተር ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ይሄኛው ያወራል» አለቻት።

«ጋዜጣ ነዋ።»

«ጋዜጣ ቋ አይልም።»

«አቦ አታካብጂ! ትናንት የሒሳብ መምህሩ ሦስቴ ሲጠራሽ ያልሰማሽ ልጅ፣ ዛሬ የካርቶን ወሬ ሰማሁ ትያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፕላስተር በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን ሮኬት ራሷም አልሳቀችም። ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ተተክሏል።

«እማዬ፣ ፕላስተሩ ለቋል። አጥብቄው ልምጣ።»

ፕላስተሩ አልለቀቀም ነበር። እናቷ በእጇ «ቶሎ በይ» አለቻት። ፕላስተር ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መቀሷን አወጣች። ሮኬት ተከትላት መጣች፤ አልተቀመጠችም።

የውጭው ካርቶን ተከፈተ። ከዚያ የውስጡ። ጋዜጣው በደንብ ተጠቅጥቋል፤ ወፎቹ አንድ በአንድ አረፋ ባለው ፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። ምንም የላላ ነገር የለም። ፕላስተር እያንዳንዷን እያነሳች ነቀነቀች። ሰማያዊዋ ዝም። ቀይዋ ዝም። ቢጫዋ ጋ ስትደርስ ከፕላስቲኩ ውስጥ «ቋ» አለ።

ፈታችው። ምንቃሯ ተገንጥሎ ለብቻው ይንከባለላል። ወፏ ፊት ላይ፣ ምንቃሩ በነበረበት ቦታ፣ የደረቀ ሙጫ ያበራል።

መንገድ ገና አልጀመረችም። የተሰበረችው እቤት ነው።

«ትናንት ነው» አለች ሮኬት። ፕላስተር ጓደኛዋ እንዲህ ቀስ ብላ ስታወራ ሰምታ አታውቅም። «ሁለት ሁለት እያነሳሁ ስጠቀልል ከእጄ አመለጠች። እናትሽ ጓሮ ነበረች። በሙጫ አጣበቅኩት፤ ይይዛል ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? በመጀመሪያው ቀን ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ያለችው ማንን ነው? ቸኩዬ ሰበርኩ ብዬ ልንገራት?» ሮኬት አሁን ተቀመጠች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ። «እናትሽ ካልተቀበለችኝ አያቴ አጎቴ ጋ ልትልከኝ ነው። ደብተርና ዩኒፎርሜን በራሴ ካልቻልኩ እዚህ አታስተምረኝም። አጎቴ ያለው ደግሞ ሌላ ከተማ ነው።»

ፕላስተር ይህን አታውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ከአጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ታያት፤ ሮኬት በጥፍሯ የሞነጫጨረችው ዴስክ ብቻ።

«ዝም ብለን እንሸገው» አለች ሮኬት። «ሲደርስ መንገድ ላይ ነው የተሰበረው ይባላል። አውሮፕላን አፍ የለው፣ አይከራከር።»

ፕላስተር ቢጫዋን ወፍ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። ወፎቹን ያዘዘችው የሕፃናት መምህር ናት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቀለም መርጧል፤ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ወላጆች ፊት አብረው ያፏጫሉ። እናቷ መልእክቱን በስልክ ተርጉማ ስታነብላቸው «ቢጫ የመረጠው ዓይን አፋሩ ልጅ ነው» የሚል ነበረበት። እናቷም ቢጫዋን ሁለቴ ቀብታታለች። አዲስ ይሠራ ቢባል እስኪደርቅና እስኪተኮስ ቀናት ይፈልጋል።

ደግሞ የገበያው ጉዳይ አለ። በዚህ ዓመት ሁለት ሰዎች «ተሰብሮ ደረሰን» ብለው ቅሬታ ጽፈዋል። ሦስተኛ ከተጨመረ ሱቃቸው ከገበያው ይዘጋል። እናቷ ያን ማስጠንቀቂያ ያነበበች ዕለት ራቷን ሳትበላ ነው የተኛችው።

«ቁጥር ሠላሳ አራት፣ መስኮት ሁለት» አለ ድምፅ ማጉያው።

እናቷ ብድግ አለች። «ነይ እንጂ! ተራችን ደረሰ!»

ፕላስተር ኪሷ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ ነካችው። የውጭውን ካርቶን ገለበጠች። ኮከቧ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋን ብታጠቁራት ጥቁር ነጥብ ትሆናለች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብትል እናቷ ትቆጣለች፤ ቢበዛ አንድ ቀን ታኮርፋለች። የራስ ልጅ አይባረር። እስክሪብቶውን አውጥታ ክዳኑን ነቀለች።

ሮኬት ገባትና ትንፋሿን ያዘች። ፊቷ ላይ የእፎይታ ብልጭታ ታየ፤ ወዲያው ግን አንገቷን ደፋች።

ፕላስተር ያንን አንገት አየችው። ይህች ልጅ ነገ መጥታ አጠገቧ ቁጭ ብላ ካርቶን ስታሽግ፣ እናቷ «ጎበዝ» ስትላት፣ እንዲህ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሰማው። ፕላስተርም እያንዳንዷን ኮከብ ባየች ቁጥር ካርቶኑን ደግማ መነቅነቋ አይቀርም።

ክዳኑን መለሰችው።

«እኔ አልነግርብሽም» አለች። «አልዋሽልሽምም። አንቺ ትነግሪያታለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ብታባርረኝስ?»

ፕላስተር «አታባርርሽም» ልትል ነበር። ግን አታውቅም። «እንጃ» አለች። «ከዚያ አያትሽ ጋ አብረን እንሄዳለን። እኔ እለምናለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ። ማልቀሱን ግን ቀስ እያልሽ፣ እንደ ሮኬት እንዳታደርጊው።»

ሮኬት ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ምነው ልጆች!» እናቷ መስኮቱ ጋ ሆና ተጣራች። የመስኮቱ ሠራተኛ ሚዛኑን በጣቷ እየመታች ነው።

ፕላስተር ተነሳች። በወረፋው ከእነሱ ቀጥሎ በገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቅል የተሸከሙ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ? ተባረኪ ልጄ፤ ጉልበቴም ከድቶኝ ነበር» አሉና ሐሳቧን እንዳትቀይር የፈሩ ይመስል ፈጠን ብለው አለፉ።

እናቷ ግራ ገብቷት ወደ አግዳሚ ወንበሩ መጣች። የተከፈተውን ካርቶን አየች፤ ከዚያ ከጎኑ የተቀመጠችውን ቢጫ ወፍ። ፊቷ ጠቆር አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ልጇን እያየች።

ተራው የፕላስተር አልነበረም። ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ከካርቶኑ ጀርባ የሹራቧን እጅጌ ያዝ አደረገቻት።

ሮኬት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ» አለች፣ ቀስ ብላ።