መብራት በጠፋበት ረፋድ

ፋሂም የሞተው ጅማ ላይ መብራት በጠፋበት ረፋድ ነው። በኮሌጁ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ለመመረቂያ ከሠሩት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሥር ተዘርግቶ ተገኘ፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ቃጠሎ ነበር። የሰርቦ ልጅ ነው፤ ቀመር ሲሠራ ለብቻው የሚስቅ።

ኢንስፔክተር ሶረቲ መጀመሪያ የጠየቀችው የሙከራ ጓደኛውን ሙሀጅርን ነው። ፋሂም ከክፍሉ አንደኛ፣ ሙሀጅር ሁለተኛ ነበሩ። አንደኛው ኮሌጁ ውስጥ በመምህርነት ይቀራል፤ ሁለተኛው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይደርቃል።

«መብራት ሲሄድ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ እሱ መሣሪያውን ሊፈታ ቀረ» አለ ሙሀጅር። «ልቡ ነው የከዳው። ያለ መብራት ምን ኤሌክትሪክ ይገድለዋል?»

መምህራቸው ዶክተር ጎሳዬ በዋዜማው ፋሂም ላይ ሲጮሁ ተሰምተዋል። ምክንያቱን ስትጠይቃቸው «የግል ጉዳይ ነው» ብለው አፋቸውን ዘጉ።

የቤተ ሙከራው ጠባቂ አዴ ሰሊማ ግን አልዘጉም። «ሙሀጅር ሲወጣ ‹ፈሷል› ብሎታል። ወላሂ ሰምቻለሁ።»

ሶረቲ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ‹ፈሷል› ማለት ምንድን ነው?»

«ካፓሲተሩ ነዋ። መብራት ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አምቆ ይይዛል። የሞላው ሰው በዚያ ባለ ፕላስቲክ እጀታ የብረት ዘንግ ነክቶ ያፈሰዋል። ‹ፈሷል› ካለ፣ ጓደኛው ዳግም አይፈትሽም፤ እንዲህ ነው ያስተማርኳቸው።»

«የሞላው ማን ነበር?»

«እኔ» አለ ሙሀጅር፤ «አፍስሼዋለሁም።»

«አዴ ሰሊማ፣ ሬሳውን ስታገኙ ማን ምን አደረገ?»

«እኔ ጮህኩ። ዶክተር ወደ ልጁ ሮጡ። ሙሀጅር ‹ቆዩ!› ብሎ ዘንጉን አነሣና መሣሪያውን ነካ፤ ጧ አለ። ከዚያ ነው ጓደኛውን ያቀፈው።»

«ካፈሰስከው ምኑ ጧ አለ ሙሀጅር?»

«ረስቼ... ረስቼ ይሆናል።»

«የረሳ ሰው ያፈሰሰ ስለሚመስለው ወደ ጓደኛው ይሮጣል። አንተ ወደ ዘንጉ ሮጥክ፤ መሣሪያው እንዳልፈሰሰ ታውቅ ነበር። ጧ ያለው ከፋሂም የተረፈው ኤሌክትሪክ ነው። እሱን በጆሮህ ሰምተህም ‹ልቡ ነው› አልከኝ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ከእጅ በፊት ዘንግ ማለትን ሙሀጅር አራት ዓመት ተምሮታል፤ በሚክድበት ሰዓት እንኳ እጁ ትምህርቱን አልረሳም። እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ያናድዳል።

«የተወለድኩበት ሰቃ ላይ አባቴ ‹ልጄ በመምህርነት ቀረ› ብሎ ለአገር ተናግሯል» አለ ሙሀጅር ድምፁ እየሰለለ። «ሁለተኛ መውጣት ምን እንደሆነ አይገባውም።»

ዶክተር ጎሳዬ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ፋሂም ላይ የጮህኩት ለዚህ ነበር እኮ! ‹ሰርቦ ሄጄ ልጆች አስተምራለሁ፤ ቦታውን ለሙሀጅር ስጡት› ቢለኝ ተናድጄ ነው።»

ሙሀጅር ቀና አለ። «ለምን አልነገረኝም?»

አዴ ሰሊማ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሻይህን ጠጥተህ እስክትመጣ ነበር የጠበቀህ፣ ልጄ። ‹ሲመለስ አስደስተዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»