የሰባት ቀን ትዝብት

«ሠላሳ አንድ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክንዷን ዘርግታ ደብተሩን ከዓይኗ አርቃ ይዛ፣ በትልቁ «ክር አስገቢልኝ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያሉትን ጭረቶች ቆጥራ። «እናትሽ ክር አስገቢልኝ ባለችሽ ቁጥር ጭረት እየሳልሽ ትቆጥሪያለሽ? ይኼን ያህል ከከበደሽ አፍ የለሽም?»

ልጅቷ ክር ገዝታ መመለሷ ነው፤ ገና ከበሩ አላለፈችም። ደብተሩን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥላው መውጣቷ አሁን ትዝ አላት።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ለትምህርት ቤት ነው።»

«አሃ! ለመምህርሽ ልትከሺኝ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የሥነ ልቦና ክበብ ከገባች ወዲህ ሰፈሩ ሰላም አጥቷል። አለቃው የተቆጣው ጎሚስታ ጎማ በእርግጫ ሲመታ ብታየው፣ «ይኼ ቁጣን ማዛወር ይባላል፤ አለቃህን መምታት ስለማትችል ነው» ብላ ፊት ለፊቱ አስረዳችው። ሰውዬው ቁጣውን ወደ እሷ ሊያዛውረው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ፕሮፌሰር» ሆኖ ቀረ።

የክፍሏም አስተማሪ የሆኑት የክበቡ መምህር ደግሞ፣ አንድ ሰው ለሰባት ቀን ታዘቡ፣ በግራ በኩል ያደረገውን፣ በቀኝ በኩል ከተማራችሁት ቃል የሚስማማውን ጻፉ፣ አሉ። ፕሮፌሰር እናቷን መረጠች። እናት የትም አትሄድም፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ናት።

በግራ «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም አለች» ተብሎ ተጽፏል፤ በቀኝ «ሰበብ መፍጠር»። ዝቅ ብሎ በግራ «የዩኒፎርሙ እጅጌ አንዱ ካንዱ ረዘመ። አምፖሉን ረገመች»፤ በቀኝ «መካድ፦ የሚያስፈራንን እውነት እንደሌለ መቁጠር»።

መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ነበር የምትጽፈው። ጭረቶቹን ስትደምር ሳቁ ጠፋ። ዛሬ ጠዋት መምህሩ ደብተሩን አገላብጠው «ግሩም ነው! ነገ ለክፍሉ ታነቢዋለሽ» ሲሏት ደግሞ ደብተሩን ከእጃቸው ፈጥና ተቀበለች። የክፍሉ ግማሽ ዩኒፎርሙን የሚያሰፋው እዚሁ ነው። ዓይኗ የደከመ ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቁን ይዞ የሚመጣ ማን ነው?

«በይ ተይው» አለች እናት። «ከዛሬ ጀምሮ ራሴ አስገባለሁ። እጅ አለኝ።»

የክሩን ጫፍ በምላሷ አርሳ ወደ መርፌው ላከችው። ክሩ በግራ አለፈ። ደግማ ላከችው፤ በቀኝ አለፈ። በሦስተኛው የራሷን ጣት ወጋች፤ ደሙን በሽርጧ ጠረገች።

«አዎ፣ ሰልችቶኝ ነው» ብሎ የእናቷን ቁጣ መቀበል ለልጅቷ ቀላል ነበር። ቁጣ እስከ ራት ያልፋል።

«እማዬ፣ ከጭረቶቹ ጎን ያለውንስ አነበብሽው?»

«ያንን ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ጽሑፍሽን ማን ያነበዋል?»

«አልከበደኝም። አንድም ቀን አልከበደኝም።» ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ዓይንሽ ነው እማዬ። ዓይንሽ ደክሟል።»

እናት መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው፤ ደንበኛ ሰምቶ እንደሆነ። ማንም የለም።

«መምህርሽ ያውቃሉ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይተውታል። ነገ ለክፍሉ አንብቢው ብለውኛል።»

«ለክፍሉ?»

«አላነበውም።» ሁለቱን ገጾች ገነጠለችና አጣጥፋ በእናቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። «ስለ ሌላ ሰው እጽፋለሁ።»

«አሁን ደግሞ የማን ተራ ነው?»

«የእኔ። ሰባት ቀን ሙሉ እያየሁ ዝም ማለቴን እጽፋለሁ።»

«በአንድ ማታ ተጽፎ ያልቃል? ነጥብ ይቆርጡብሻል።»

«ይቁረጡ።»

መርፌውን ከእናቷ ጣቶች መሃል ቀስ አድርጋ ወሰደችና ክሩን አስገብታ መለሰችላት። እናት ተቀበለች። የጀመረችውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ያህል ወጋ ወጋ አደረገች፤ ቀና ግን አላለችም።

«ቅዳሜ የዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ» አለች ልጅቷ።

«ቅዳሜ ሁለት ሙሽሮች አሉብኝ።»

«እሺ፣ ዓርብስ?»

«ዓርብ የሙሽሮቹ እናቶች አሉብኝ።»

ልጅቷ ደብተሩን ዘግታ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እናት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሰኞ ይሁን» አለች። «ሰኞ ሰው አያገባም።»