የጄኔራሉ ምስክርነት

በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ነበር። ጠመንጃ ነክቶ ባያውቅም ሁሉም «ጄኔራል» ይሉታል፤ አፉን ሲከፍት ድል ያላደረገው ጦር የለማ! «እኔ እግር የሠራሁለት ሰውዬ ፈረስ ቀድሟል» ይላል። በሳምንቱ ፈረሱ ሁለት ይሆናል። እጁ ግን ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱም፤ ጠላቶቹ ደግሞ ከሰማይ ከዋክብት ይበዛሉ።

አንድ ረፋድ ላይ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አራተኛ ፎቅ ወጣ። «ነገ እግሯ የሚቆረጥ ሴት አለች» ተብሎ የአልጋ ቁጥር ተሰጥቶታል። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ደህናውን እግር መለካት ጀመረ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሴትየዋ።

«እየለካሁ ነዋ! አይዞሽ እህቴ፣ ለዚህ እግር መንታ ነው የምሠራለት። እናትሽ ራሷ የትኛውን እንደወለደችው ግራ ይገባታል!»

«እግሬ ይቆረጣል ያለው ማነው?»

ሜትሩ እጁ ላይ ቀረ። «ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ የራሱን ይቁረጥ!»

ቀና ብላ አየችው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማርኮ የማያውቀው ጄኔራል፣ በዚያች አንዲት እይታ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። የልቡ ምት ምድር ቤት ድረስ ተሰምቷል፤ ያልሰማ ካለ ጆሮውን ይታከም!

ሴትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። በስምንት ዓመቷ ያው እግር ሊቆረጥ ተወስኖ ነበር። እናቷ ተንበርክካ «ይህን እግር ከተውክላት ያንተ ነው፤ የሰው ቢላዋ አይነካውም» ብላ ለፈጣሪ ተሳለች። ዳነ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቁስሉ አጥንቷ ውስጥ ተመልሶ ተቀጣጠለ፤ መድኃኒት አልበግረው አለ። ካልተቆረጠ ትሞታለች።

ጄኔራሉ በየቀኑ መውጣት ጀመረ።

«ዛሬ ደግሞ በምን ሰበብ መጣህ?» ትለዋለች፤ በሦስተኛው ቀን አንቱታው ቀርቷል።

«ሊፍቱ ተበላሽቶ ልጠግን።»

«ሊፍትም ትጠግናለህ?»

«እኔ ካልጠገንኩት ሕንፃው በምን ሊቆም!»

ትስቃለች። ስትስቅ እግሯን ያማታል፤ ሲያማት እሱም ያመዋል።

አንድ ከሰዓት ግን ሳትስቅ ጠየቀችው። «እውነቱን ንገረኝ። አንተ የምትሠራው እግር ያማል?»

«እንደ ሐር ነው» ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣ አለው።

«ያማል። የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም ያለቅሳሉ። ከዚያ ግን ይራመዳሉ። ይኖራሉ። ኑሪልኝ... እባክሽ።»

«ሁሉም እንደ ሕፃን ሲያባብለኝ አንተ ብቻ ነገርከኝ።»

«ፈጣሪ የሚፈልገው እግርሽን ነው ወይስ አንቺን?»

«አላውቅም። ግን በእናቴ ቃል ሠላሳ ዓመት ሄጄበታለሁ። ዛሬ ሲከብደኝ ልካደው?»

በማግስቱ ሲስተሯ «ሕክምናውን አልቀበልም» የሚለውን ቅጽ ይዛ መጣች። ዘመድ ያልሆነ ምስክር ያስፈልገዋል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ጄኔራሉ ዞረች።

«አንተ ፈርምልኝ።»

«እኔ? እኔኮ ከተወለድኩ ጀምሮ የለየለት ቀጣፊ ነኝ!»

«ለእኔ አልዋሸህም። ትኩሳቱ ራሴን ሲያስተኝ ወንድሜ ቁረጧት ይላል፤ ስለሚወደኝ ነው። አንተ ምን እንዳልኩ ትነግራቸዋለህ።»

«እኔስ አልወድሽም?»

«ትወደኛለህ። የምለምንህም ለዚህ ነው።»

ፈረመ።

በፈረመ በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ ራሷን ሳተች። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ቀዶ ሐኪሙን ያዘው።

«ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ሐሳቧን ቀይራለች! ይቆረጥ ብላኛለች!»

ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ ቆመ። «ምስክሩን ጥሩልኝ» አለ።

ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ቀድሞ ደረሰ፤ የጄኔራሉን ክንድ ጨመቀ።

«"አዎ፣ ቀይራለች" በል። አንዲት ቃል ናት። ሺህ ጊዜ ዋሽተህ የለም እንዴ? ትወዳት የለ? አግባት! እኔ ራሴ እድርልሃለሁ!»

ጄኔራሉ በበሩ መስታወት አያት። ላብ ፊቷን አጥቦታል። በሕይወቱ ከዋሻቸው ውሸቶች ሁሉ ይቺ ትንሿ ነበረች፤ አንድ ሰው ታድናለች።

«ሐሳቧን ቀይራለች?» አለ ሐኪሙ።

«...አልቀየረችም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዛሬ ጠዋት እኔም ለምኛት ነበር። "እግሬን እንዳትነኩ" አለችኝ።»

ወንድምየው ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። «ገዳይ! ገደልካት!» ጄኔራሉ አልተከላከለም። ሐኪሙ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ።

አመሻሹ ላይ ነቃች። እጇ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ እግሯን ፈለገ። አገኘው።

«ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«ቀይራለች ማለት አላማረህም?»

«በጣም አማረኝ።»

እንባዋ ወረደ። «እኔም... ለአፍታ እንድትልልኝ ተመኝቼ ነበር።»

ከወንበሩ ብድግ አለ። «አሁኑኑ ልጥራቸው! እሺ በይ፣ ሮጬ...»

«አይሆንም። ተቀመጥ። እጄን ያዘኝ።»

ያዛት።

«ትወደኛለህ?»

«እወድሻለሁ።»

«ከሰማይ ከዋክብት በላይ አትልም?»

«አልልም። እወድሻለሁ፤ በቃ።»

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ አረፈች። ደህናዋም የታመመችውም እግሯ አብረዋት ተቀበሩ።

ከወር በኋላ ወንድምየው ምድር ቤት ወረደ። ጄኔራሉ ለድብደባ ተዘጋጅቶ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ እጁንም ዘርግቶ ጠበቀ። ሰውየው ግን በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሽ ጀመር።

«በመጨረሻ... ፈርታ ነበር?»

«እንደ መልአክ ፈገግ ብላ ሄደች» ማለት ይቻል ነበር። ስንቱ ይላል!

«ፈርታ ነበር» አለ ጄኔራሉ። «በጣም። እጄን ግን አለቀቀችም።»

ወንድምየው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ሁለት ጎልማሶች፣ በሥራ ሰዓት፣ በሩን እንኳ ሳይዘጉ አለቀሱ።