ጉርሻ አይቆጠርም

አቶ ገብረሰንበት ምሳቸውን በልተው፣ የተረፈውን በስልካቸው ፎቶ አንስተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞቱ። ቡሬ ላይ ወሬ አያድርምና በማግስቱ ጠዋት ገዳያቸው ታውቃ ነበር፤ ሚስታቸው ናት ተባለ። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ነው ብሏል፤ ወጡን የሠራችው እሷ፣ ሰውየውንም ከፋሲካ ወዲህ እየመጠነች ያበላችው እሷ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ምክትል ኢንስፔክተር አይናለም ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ስትደርስ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። አይናለም ሞላ ያለች፣ ዳገት ስትወጣ የምታለከልክ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን የዋዛ አይደለም። መጀመሪያ ያረፈውም ሕፃኑ ላይ ነው። ጡት ያልጣለው ልጅ አክስቱ እህተ ማርያም ክንድ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። እናቱ አቻምየለሽ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ልጁ ለምን አይጠባም?» አለች አይናለም።

«የገዳይ ጡት አይጠባም» አለች እህተ ማርያም። «ዛሬውኑ ይዛችኋት ሂዱልኝ። ልጁ የወንድሜ ደም ነው፤ እኔው አሳድገዋለሁ። ወንድሜን መጀመሪያ በረሃብ ቀጣችው፤ አልሞት ሲላት መርዝ ጨመረችለት።»

አይናለም መልስ ሳትሰጣት ጓዳ ገባች።

«ከትናንት ወዲህ እህል ቀምሰሻል?»

«ማን ይሰጠኛል እትዬ?»

«ለባልሽ ለምን ነበር የምትመጥኚላቸው?»

«ሐኪሙ ክብደት ካልቀነስክ ልብህ አይችልም አለው። የሚበላውን ሁሉ፣ ሳይበላና በልቶ ሲጨርስ ፎቶ እያነሣ ለምትከታተለው ነርስ ይልክላት ነበር። ብቻዬን እንደ በሽተኛ አልበላም ስላለ፣ ከእኛው ገበታ ላይ ድርሻውን በጥቅል እንጀራ አጥሬ እለይለታለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሚሰርቀኝ በጉርሻ ነበር። ጉርሻ አይቆጠርም፣ ፎቶም አይነሣም ይለኝ ነበር።»

«ትናንት ገበታ ላይ እነማን ነበራችሁ?»

«እሱ፣ እኔ፣ እህቱና ወንዳወቅ። ወንዳወቅ የገበሬዎች ማኅበሩ የዘር መጋዘን ኃላፊ ነው፤ የልብ ጓደኛው ነው።»

«ባልሽ ከሰው ተጣልተው ነበር?»

«አልሰማሁም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አይደል? የፊታችን እሑድ ሽንዲ ወርዶ፣ የሸጥንላችሁ የበቆሎ ዘር ለምን እንዳልበቀለ ለገበሬዎቹ ሊነግራቸው ነበር። ይህን ካሰበ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።»

«ከገበታው የተረፈውን ምን አደረግሽው?»

«ለውሻው ሰጠሁት።»

ውሻው ግቢ ውስጥ በለቀስተኛው ላይ ይጮሃል።

ወንዳወቅ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ሰው ያስተናግዳል። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንኳን ጎረቤት ባዳም ያዝንለት ነበር።

«እኔም የተረፍኩት ለጥቂት ነው» አለ ሆዱን ይዞ። «ከእሱ እኩል በላሁ፤ ምሳውን ጨርሼ ቤቴ እንደገባሁ ይቆርጠኝ ጀመር። ወጡ ነው፤ ሌላ አይደለም።»

«አጉርሰዋቸው ነበር?»

«ያላጎረሰው ማን አለ?»

እህተ ማርያም ከወዲያ ሰምታ ገባችበት። «እኛስ ሁለት ሁለት አጎረስነው። ወንዳወቅ ምስኪኑ አንድ ብቻ ነው ያጎረሰው። ወንድሜ እየሳቀ ‹ኮሶ ነው እንዴ ያጎረስከኝ? አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገመኝ› ቢለው፣ ይቺ አፈጠጠችበትና ተወው።»

«እኔ አላፈጠጥኩም» አለች አቻምየለሽ በጓዳው መስኮት በኩል። «ራሱ ነው ሐኪሙ ይቆጣሃል ብሎት እጁን ሊታጠብ የተነሣው።»

አይናለም የሟቹን ስልክ ይዛ አንድ ጥግ ተቀመጠች። ሁለቱን ፎቶዎች እያመላለሰች ስታይ ቆየችና ሦስቱንም ሳሎን አስጠራቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ወጡ ተመርዞ ቢሆን ውሻው ይሞት ነበር፤ ጩኸቱን ትሰሙታላችሁ» አለች። «እንግዲህ መርዙ ገበታው ላይ አልነበረም። ታዲያ በገበታው ሳያልፍ አፋቸው የገባው ምንድን ነው? ያ የማይቆጠረው ጉርሻ ነው። መራራነቱንም ራሳቸው ሟቹ ተናግረዋል፤ እናንተ ግን ቀልድ መስሏችሁ ሳቃችሁ።»

ስልኩን መሀል አስቀመጠችው።

«ይሄ ከምሳ በኋላ ያነሡት ነው። የታጠረው የእሳቸው ድርሻ ነው። በቀኝና በግራ፣ በእህትና በሚስት በኩል፣ እንጀራው ተበልቶ ትሪው ይታያል። ፊት ለፊታቸው ማን ነበር?»

«ወንዳወቅ» አለች እህተ ማርያም ቀስ ብላ።

«በእርስዎ በኩል እንጀራው እንዳለ ነው አቶ ወንዳወቅ። የተቆረሰው አንድ ጉርሻ የሚያህል ብቻ ነው። እኩል በላሁ ያሉት ከየት ቆርሰው ነው?»

«አሞኝ ነበር አላልኩሽም?»

«ያመመኝ በልቼ ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ልንገርዎት? መርዝ የነካ እጅ ወደ ጌታው አፍ አይመለስም፤ ለዚህ ነው ያልበሉት። ድገመኝ ሲባሉም ያልደገሙት ሥራው በአንዱ ስላለቀና እጅዎን ለመታጠብ ስለቸኮሉ ነው። ያልበቀለው ዘር ከማን መጋዘን እንደወጣ ደግሞ እሑድ ሽንዲ ላይ ሊነገር ነበር።» ዓይኗን ኮቱ ላይ አደረገች። «ትናንት የለበሱት ይሄንኑ ኮት ነው?»

ወንዳወቅ ሳያስበው እጁን ኪሱ ላይ ጫነ። ፖሊሱ እጁን አንስቶ ከኪሱ የተጨማደደ ፌስታል አወጣ፤ ጥጉ ላይ ዱቄት ቀርቶበታል።

«ተራ በቆሎ ቀለም ቀብቼ ምርጥ ዘር ብዬ ሸጥኩ» አለ ወንዳወቅ መሬት መሬት እያየ። «ተወኝ ብዬ ለመንኩት። ገበሬው ልጆቹን ምን ያብላ አለኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ሆነ።»

ሲወስዱት ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀ።

እህተ ማርያም ልጁን እንዳቀፈች አቻምየለሽን ተከትላ ወደ ጓዳ ገባች። እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ጡቱን ያዘ።

«እኔ ነኝ በገዛ አፌ ልገድልሽ የነበርኩት» አለች እህተ ማርያም እያለቀሰች። ለለቀስተኛ ከመጣው ምግብ ሳህን አስመጣች፤ እጇን ታጥባ ቆረሰችና ወደ አቻምየለሽ አፍ ዘረጋች። አቻምየለሽ እጁን አየችው። ከዚያ አፏን ከፍታ ጎረሰች።

እህተ ማርያም ሁለተኛውን ቆረሰች።